ቄቦቼ አምስት ወር አለፋቸው፤ እንቁላል ለመጣል መቅረባቸውን በምን አውቃለሁ?

የሆጤዋ ጀማሪ (ደሴ) — የካቲት 2 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ዶሮ ማርባት ከጀመርሁ ገና አራት ወር አልሞላኝም። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ይሆናል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጥቅምት 12 ቀን «የ45 ቀን ቦቫንስ» (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ነው) ተብለው 30 ጫጩት ገዛሁ። ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሞቱብኝ፤ 28ቱ ደህና አድገዋል። በእኔ ስሌት ዛሬ 155 ቀን ሆኗቸዋል፤ 22 ሳምንት ማለት ነው። ኮምቦልቻ ያለችው ታላቅ እህቴ ከዚያው ሻጭ በዚያው ቀን 20 ገዝታ ነበር። የእሷዎቹ ከጥር 20 ጀምረው እየጣሉ ነው፤ ትናንት 11 እንቁላል ለቀመች። የእኔዎቹ እስካሁን አንድም አልጣሉም።

ሁለቱ ብቻ ኩክኒያቸው ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ደም መስሏል፤ እነሱን ተስፋ አድርጌ ጠዋት ጠዋት ጭዱን እየገለበጥሁ እፈልጋለሁ። የቀሩት ኩክኒያቸው ትንሽና ሐመር ነው። ባለቤቴ «ሁዳዴ ሳይገባ ለሥጋ ሸጠን ገንዘባችንን እናውጣ» ይላል። ሁዳዴ የሚገባው የፊታችን ሰኞ ነው። ተታልዬ ይሆን? ወይስ ልታገሥ?


የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ) — የካቲት 2

እህቴ፣ አብሽሪ። ከእህትሽ ዶሮዎች ጋር ማወዳደሩን ለጊዜው ተዪው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ከ2,400 ይበልጣል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሌሊቱ ግን ሌላ አገር ነው። እናንተ ዘንድ ዶሮ ከምትበላው ላይ አስቀድማ የብርዱን ድርሻ ትከፍላለች፤ ወደ አካሏ የሚሄደው የተረፈው ነው።

እስኪ ይህን ንገሪን። ስንት ይመዝናሉ? ምን ይበላሉ፣ በቀንስ ስንት ኪሎ? እህትሽ ቤት ማታ መብራት ይበራል? ስለ ሁለቱ ባለ ቀይ ኩክኒዎች ደግሞ፣ ከጀርባቸው ወደ ጭራቸው የሚወርደውን ላባ ያዝ አድርገሽ እዪው። ጫፉ ክብ ነው ወይስ እንደ ጦር የሾለ?


ሰኞ ገበያ (ደሴ) — የካቲት 2

እኔ እንቁላል ነጋዴ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን አርቢ ነበርሁ። እባክሽ አትሽጪ። የዛሬ ሦስት ዓመት 40 ቄብ ልክ እንደ አንቺ ትዕግሥቴ አልቆ ሸጥሁ። የገዛችኝ ሴት በሁለተኛው ሳምንት እንቁላሉን ይዛ ወደ እኔው ሱቅ መጣች። አምስት ወር ሙሉ መግቤያቸው ልክ ሊከፍሉኝ ሲሉ ለሌላ ሰው ሰጠኋቸው። ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል።

ስለ ሁዳዴው ደግሞ፣ ዘንድሮ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለሚገባ በደሴ ገበያ እንቁላል ጨርሶ አይወድቅም። ለማፍጠሪያ የሚገዛ ሰው አለ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ከአሁን እስከዚያ ድረስ ሁለት ወር አለሽ።


የሆጤዋ ጀማሪ — የካቲት 2

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሚዛን የለኝም፤ ከጎረቤት ሱቅ እዋሳለሁ።

መኖውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የእድገት መኖ እገዛ ነበር። ዋጋው ሲከብደኝ ፉርሽካ ከቤት ትርፍራፊና ከእንጀራ ድርቆሽ ጋር መቀላቀል ጀመርሁ፤ ለሁሉም በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ። ሆዳቸው ስለሚሞላ የበቃቸው መስሎኝ ነበር።

እህቴ ቤት የዶሮ ቤቱ ከሱቋ ጀርባ ነው። አምፖሉ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይበራል፤ ለሌባ ብላ እንጂ ለዶሮዎቹ አስባ አይደለም። የእኔዎቹ ቤት መብራት የለውም፤ ሲመሽ ይጨልማል።

የሁለቱ ላባ ግን የሾለ ነው። ያብለጨልጫልም፤ ቀለሙም ቡናማ ነው።


የቦርከና ዳር — የካቲት 2

እንግዲያው ሁለቱ አውራ ናቸው፤ ከእነሱ እንቁላል አትጠብቂ። ሌላም ነገር ነገሩሽ። ቦቫንስ ብራውን ሲፈለፈል በቀለሙ ይለያል፤ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጭ ነው። ቡናማ አውራ ከመሐል ከተገኘ ዝርያው ንጹሕ አይደለም፤ ሳሶ ሳይቀላቀልበት አልቀረም። ሳሶ ደግሞ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚረባ ነው፤ ከቦቫንስ ትንሽ ዘግይቶ ቢጀምር አይገርምም።

«45 ቀን» የሚለውንም እንደ ወረደ አትቀበዪው። ጫጩት ገበያ ላይ ሁሉም 45 ቀን ነው። 30 ቀን ከነበሩ ዛሬ ገና 20 ሳምንታቸው ነው፤ ይኸውም ቦቫንስ በደህና አያያዝ የሚጀምርበት አካባቢ ነው።


ጦሳ ሥር (ደሴ) — የካቲት 3

ልጄ፣ በእንስሳት እርባታ ሙያ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም በግቢዬ 60 ዶሮ አሉኝ። ቀን መቁጠርሽ ደግ ነው፤ ነገር ግን ቀኑ የሚነግርሽ መመልከት የምትጀምሪበትን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነገርሽ ከዶሮዋ ገላ ነው።

ኩክኒውን ሁሉም ሰው ያውቃል። በጫጩትነቷ ቀጭን፣ ደረቅና ሐመር ነው። የእንቁላል ማፍሪያዋ ሲነቃ ወደ ደሟ የሚገባው ሆርሞን ኩክኒውንና ከአገጯ ሥር የሚንጠለጠለውን ሥጋ ያሳድጋል፤ ይወፍራል፣ ይቀላል፣ በጣትሽ ስትይዢው ይሞቃል፣ ሰም የተቀባ ይመስላል። ታዲያ በደሴ ጠዋት ብርዱ ደሙን ስለሚያሸሸው ቀዩም ሐመር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ እዪ። ኩክኒ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በአውራ ሊያሳስት እንደሚችል አንቺው አይተሻል።

እኔ የማምነው እጄን ነው። ማታ በቆጥ ላይ ሳሉ፣ ሳትረበሽ አንዷን አንሺ። በግራ ክንድሽ ሥር እቀፊያት፤ ራሷ ወደ ኋላሽ፣ ጭራዋ ወደ ፊትሽ ይሁን። ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ሾል ያሉ የዳሌ አጥንቶች ታገኛለሽ። በመካከላቸው የቀኝ እጅሽን ጣቶች በጎናቸው አስገቢ። አንድ ጣት እንኳ በጭንቅ የሚገባ ከሆነና አጥንቶቹ ጠንካራ ከሆኑ ገና ናት። ሁለት ጣት ሲገባና ጫፋቸው ሲለዝብ ቀርባለች። በምትጥል ዶሮ ሦስት ጣት ይገባል። ከዚያው ሳትለቂያት ከእነዚህ አጥንቶች እስከ ደረቷ አጥንት ጫፍ ያለውን ሆዷን ዳብሺ። ያልደረሰችው ጥብቅና ጠባብ ናት፤ የደረሰችው ሦስት አራት ጣት ይበቃታል፣ እንደ ሊጥም ይለሰልሳል። መውጫዋንም እዪ፦ ክብ፣ ትንሽና ደረቅ ከሆነ ገና ነው፤ ሰፋ ብሎ ሲረጥብ ጊዜው ደርሷል።

ሦስተኛው ምልክት ያለ ጥርጥር የሚታይ ነው። እስከ ትናንት ከእጅሽ የምትሸሽ ቄብ አንድ ቀን ጀርባዋን ስትነኪያት ከመሸሽ ይልቅ ትቆማለች። እግሯን አጥፋ ዝቅ ትላለች፣ ክንፎቿን ከጎኗ ከፈት ታደርጋለች፣ ጀርባዋ ጠፍጣፋ ይሆናል። ስትተያት ተነሥታ ላባዋን አንዴ አራግፋ ወደ ምግቧ ትሄዳለች። ለአውራ የምታደርገውን ነው ለአንቺ ያደረገችው። በእኔ ግቢ ይህን ካየሁ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ያስጠበቀችኝ ዶሮ ጥቂት ናት።

ድምፅም አለ። እንቁላል ከጣለች በኋላ የምታሽካካውን አይደለም የምልሽ፤ ከዚያ ቀናት ቀድሞ የሚሰማ ረዘም ያለ፣ የሚያንጎራጉር ድምፅ ነው። ጥግ ጥጉን እየዞረች ትመለከታለች፣ ጭድ በምንቃሯ እያነሣች ወደ ጀርባዋ ትጥላለች።

መዝኚያቸውና ውጤቱን ጻፊልን።


ሐይቅ መንገድ — የካቲት 3

እኔ የማረባው የአበሻ ዶሮ ነው። ስድስት ሰባት ወር ሳይሞላት የምትጥል ብዙም አላየሁም፤ ስለዚህ 22 ሳምንት ለእኔ ምንም አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ለምን ከነገ ጀምረሽ የእንቁላል ጣይ መኖ አትሰጫቸውም? ስሙ ራሱ የእንቁላል መኖ ነው፤ ማፍሪያቸውን ይቀሰቅሰዋል። ጎረቤቴ በሦስት ወራቸው ነው የጀመረላቸው።


ጦሳ ሥር — የካቲት 3

ወንድሜ፣ በቀና ልብ እንደመከርህ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ብዙ ቄብ የተበላሸው በዚህ ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ዶሮን አይቀሰቅስም። ልዩነቱ በዋናነት ካልሲየሙ ነው፤ የእድገት መኖ 1 በመቶ አካባቢ ሲኖረው፣ የጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ አለው። አንዲት ጣይ ለአንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ስለምታወጣ ያስፈልጋታል። ቅርፊት የማትሠራ የሦስት ወር ቄብ ግን ያን ሁሉ የምታስወግደው በኩላሊቷ ነው።


የእንስሳት ጤና ረዳት (ኮምቦልቻ) — የካቲት 3

የጋሼን ቃል አጸናለሁ። ያለ ጊዜው የጣይ መኖ ሲሰጣቸው የኖሩ ቄቦች ሞተው ስከፍታቸው ኩላሊታቸው አብጦ፣ ነጭ ዝቃጭ ሞልቶት ያየሁበት ጊዜ አለ። በላያቸው ላይ ቆሞ የሚታይ በሽታ አልነበረም።

ጥሩው መንገድ ካልሲየሙን ለብቻው በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። የደረሰችው ራሷ ትሄዳለች፣ ያልደረሰችው ታልፈዋለች። ዶሮ ከመጣሏ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብላ በአጥንቶቿ ውስጥ ካልሲየም ማከማቸት ስለምትጀምር፣ ወደዚያ ዕቃ የምትመላለሰውን መለየት በራሱ ምልክት ነው። ከመኖ ሻጭ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጠይቂ። ለግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም፤ እሱ የተቃጠለ ነው፣ አፋቸውንና ጉሮሯቸውን ይልጠዋል። የእንቁላል ቅርፊት ከሆነ ደግሞ አድርቀሽ፣ ቆልተሽ፣ ቅርጹ እስኪጠፋ ድረስ አድቅቂው፤ ቅርፊት መሆኑን ካወቁት እንቁላል መብላት ይለምዳሉ።

የፈንግል ክትባታቸውንም አረጋግጪ። መጣል ከጀመሩ በኋላ ፈንግል ከገባ የሚተርፉትም እንቁላላቸው ይቋረጣል፣ ቅርፊቱም ይበላሻል።


የሆጤዋ ጀማሪ — የካቲት 4

ትናንት ማታ ከልጄ ጋር 26ቱን ሴቶች በሙሉ መዘንን። እሱ በባትሪ ያበራል፣ እኔ በዘንቢል አድርጌ እሰቅላለሁ፣ እሱ ቁጥሩን ይጽፋል። አማካያቸው 1 ኪሎ ከ150 ግራም ሆነ። ትንሿ 940 ግራም፣ ትልቋ 1 ኪሎ ከ420። እህቴም በስልክ አምስት መዝና ነገረችኝ፤ ሁሉም ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ናቸው።

ጋሼ እንዳሉኝ ዳበስሁ። በ22ቱ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚገባው፤ አጥንቱም እንደ እንጨት ነው። በሦስቱ አንድ ተኩል። በትልቋ ብቻ ሁለት ጣት ገባ፤ እጄን ሳወጣ የልቤ ምት ይሰማኝ ነበር። የኩክኒዋ ሥርም መቅላት ጀምሯል፤ እስከ ዛሬ ከሁለቱ አውራዎች ሌላ አላይም ነበር።

አሁን ገባኝ። እኔ ነኝ ያዘገየኋቸው። ባለቤቴም ዘንቢሉ ላይ ያለውን ቁጥር ሲያይ ስለ መሸጥ ማንሣቱን ተወ። መብራቱን ዛሬውኑ ላስገባላቸው?


የቦርከና ዳር — የካቲት 4

ዛሬ አይሆንም። እዚህ ላይ እንዳትቸኩዪ።

ብርሃን ዶሮን በዓይኗ ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሏ በኩልም ወደ አንጎሏ ደርሶ «ጊዜው ነው» ይላታል። የእኛ አገር ቀን በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል፣ በሰኔ ደግሞ 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ለጣይ ዶሮ የሚመከረው ከ14 እስከ 16 ሰዓት ነው። የእህትሽ የሌባ አምፖል ሳታስበው ሦስት ሰዓት ጨመረላት። ነገር ግን የእሷዎቹ ኪሎውን ቀድመው ይዘው ነበር። 1 ኪሎ ከ150 ላይ ያለችን ቄብ በብርሃን ብትገፊያት ዳሌዋ ሳይሰፋ እንቁላሉ ይመጣል። መውጫዋ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ሌሎቹ ቀዩን ሥጋ ሲያዩ ይነክሱታል፤ በአንድ ቀን ትሞትብሻለች። በመጀመሪያው ዓመቴ አራት ዶሮ በዚህ ሞተውብኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ መኖ። ደህና የእድገት መኖ፣ በነፍስ ወከፍ በቀን 80 ግራም፤ ለ26ቱ ከሁለት ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ስለ ብርዱ ትንሽ ጨምሪበት። አውራዎቹን ሽጪና ገንዘቡን ለመኖው አድርጊው። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይሠራም፤ ከበቆሎ፣ ከኑግ ፋጉሎና ከአኩሪ አተር ጋር ሲሆን ነው ዋጋ የሚኖረው። በየሳምንቱ መዝኚ። አብዛኞቹ 1 ኪሎ ከ400 ሲያልፉ መብራቱን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት እያልሽ ጨምሪ። አንዴ ካስረዘምሽው መልሰሽ አታሳጥሪው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ በባትሪ የሚሠራ አምፖል አዘጋጂ፤ አንድ ቀን 15፣ አንድ ቀን 12 ሰዓት ሲሆን ዶሮዋ ላባዋን ጥላ እንቁላሉን ታቆማለች።

የመጣያ ሳጥኑን ግን ከአሁኑ አስገቢ። ወርዱም ከፍታውም 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለአምስት ዶሮ አንድ፣ ጨለም ባለው ጥግ። የመጀመሪያውን እንቁላል መሬት ላይ ከጣለች ልማድ ይሆንባታል።


የሆጤዋ ጀማሪ — የካቲት 19

ዝም ያልሁት እስኪታይ ብዬ ነው። አውራዎቹን ሸጥሁ፤ መኖውን ቀየርሁ። አማካያቸው ዛሬ 1 ኪሎ ከ360 ነው። መብራት ገና አላስገባሁም። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ስቆጥር የዘጠኙ ኩክኒ ቀልቷል። የኖራ ድንጋዩን በሰፌድ ቁራጭ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አምስቱ ይመላለሱበታል፣ ሌሎቹ ረግጠውት ያልፋሉ።

ትልቋን ልጄ «እሜቴ» ብሏታል። ዛሬ ጠዋት ውኃ ስቀዳላቸው በእግሬ መካከል ልታልፍ ስትል ጀርባዋን ነካሁት። ጋሼ፣ ልክ እርስዎ እንደጻፉት አደረገች። ዝቅ አለች፣ ክንፏን ከፈተች፣ አልሸሸችም። እጄን ካነሣሁ በኋላም ለትንሽ ጊዜ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ላባዋን አራግፋ ሄደች። ልጄን ጠርቼ ደግሜ አሳየሁት።


ሐይቅ መንገድ — የካቲት 19

እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ጣይ መኖው የሰጠሁትን ምክር መልሼ ወስጃለሁ፤ ጎረቤቴንም አነጋግሬዋለሁ።


ጦሳ ሥር — የካቲት 19

ጎበዝ ልጄ። አሁን እሜቴን ሳይሆን ሳጥኑን ተመልከቺ። ሳጥኑ ውስጥ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነጭ ድንጋይ አስቀምጪ፤ ቦታው የት እንደሆነ ይነግራቸዋል።


የሆጤዋ ጀማሪ — የካቲት 27

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስታንጎራጉር ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ትወጣለች፣ ጭዱን ወደ ጀርባዋ ትበትናለች፣ ሌላዋ ስትጠጋ ትቆጣለች። ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ኩሽና ሳለሁ ሲያሽካኩ ሰማሁ፤ አንዷ ስትጀምር ሁሉም ተከተሏት። ሮጬ ስገባ ድንጋዩ አጠገብ ቡናማ እንቁላል ተቀምጧል። ገና ይሞቃል፤ 43 ግራም ነው። ቅርፊቱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የደም መሥመር አለበት። ያሳስባል? መኖውንስ አሁን ልቀይር?


የእንስሳት ጤና ረዳት — የካቲት 27

በመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ላይ እንዲህ ያለ ቀጭን መሥመር የተለመደ ነው፤ መውጫዋ ሲሰፋ ትንሽ የደም ሥር ይበጠሳል። መውጫዋን ማታ እዪ፤ ወደ ውስጥ ተመልሶ ከተከተተ ደህና ናት። ደሙ ከሳምንት በላይ ከቀጠለ ወይም ከበዛ ንገሪን። ቅርፊቱ ለስላሳ ወይም ያለ ቅርፊት የሆነ እንቁላልም በመጀመሪያው ሰሞን ሊወጣ ይችላል፤ አትደንግጪ። ክብደቱ በሚቀጥሉት ወራት እያደገ ወደ 60 ግራም ይጠጋል።

መኖውን ከነገ ጀምረሽ ከጣይ መኖ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅዪ፤ በሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቀይሪ። የኖራ ድንጋዩ ይቆይ። ውኃው ግን ለአንድ ሰዓት እንኳ አይቋረጥ።


የቦርከና ዳር — የካቲት 27

የሌሎቹ ክብደትስ? 1 ኪሎ ከ400 ካለፉ የመብራቱ ጊዜ አሁን ነው። ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምረሽ አብሪ፤ ማታ ካበራሽ ግን መብራቱ ሲጠፋ በድንገት ስለሚጨልም ቆጥ ላይ ሳይወጡ ይቀራሉ።


የሆጤዋ ጀማሪ — የካቲት 27

አማካያቸው 1 ኪሎ ከ450 ደርሷል፤ ከ1 ኪሎ ከ250 በታች ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነሱን ለብቻ ለይቼ እመግባቸዋለሁ። አምፖሉን ባለቤቴ አሁን እየሰቀለው ነው።


ሰኞ ገበያ — የካቲት 27

የመጀመሪያውን እንቁላል ለልጅሽ ጥበሺለት። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት የሚኖርሽን ግን ለእኔ ያዢልኝ፤ ሳጥንና ጭድ ይዤ ራሴ ሆጤ ድረስ እመጣለሁ።